የቦር ክስተት

የቦር ክስተት የሚባለው በደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሲድ ሲበዙ ኦክስጅን ተሸካሚው ፕሮቲን ሂሞግሎቢን ኦክስጅንን አጥብቆ የመያዝ ኃይሉ የሚላላበት፣ ሲቀንሱ ደግሞ መልሶ የሚጠብቅበት ሁኔታ ነው። ስያሜው የተገኘው ከዴንማርካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ከክርስቲያን ቦር ነው። የፊዚክስ ሊቁ የኒልስ ቦር አባት የሆኑት እኚህ ሰው፣ ከካርል ሃሰልባልክና ከአውጉስት ክሮግ ጋር በውሻ ደም ላይ ያደረጉትን ሙከራ በ1904 እ.ኤ.አ. አሳተሙ።

የሚሠራ ጡንቻ የሚያመነጨው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ቀይ የደም ሴል ይገባል። እዚያም ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የተባለው ኢንዛይም ከውኃ ጋር ያዋህደዋል፤ ከውህዱም ባይካርቦኔትና የሃይድሮጅን አዮን ይወጣሉ። አዮኑ ሂሞግሎቢን ላይ ሲጣበቅ ሞለኪውሉ ኦክስጅንን በቀላሉ የሚለቅበትን ቅርጽ ይይዛል። ከካርቦን ዳይኦክሳይዱም ጥቂቱ በቀጥታ ፕሮቲኑ ላይ ተጣብቆ ይህንኑ ያግዛል። በጤናማ ሰው ደም ሂሞግሎቢን ግማሽ በግማሽ በኦክስጅን የሚሞላው የኦክስጅኑ ግፊት 27 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ሲሆን ነው፤ የደሙ ፒኤች ከ7.4 ወደ 7.2 ሲወርድ፣ ማለትም አሲድነቱ ሲጨምር ግን ይህ ቁጥር ወደ 33 ይጠጋል። ስለዚህ ብዙ የሠራ ጡንቻ፣ ማንም ሳያዘው፣ ብዙ ኦክስጅን ይደርሰዋል። የምድጃው ጭስ ራሱ ነፋስ ይጠራል እንደማለት ነው።

ክስተቱ ሳንባ ውስጥም እኩል እንደሚጠቅም ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። ይህ ግን የተጋነነ ነው። በሳንባ የኦክስጅን ግፊት ወደ 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ስለሚደርስ፣ በባሕር ወለል ከፍታ ለሚኖር ሰው ሂሞግሎቢን በማንኛውም ሁኔታ ሊሞላ ምንም ያህል አይቀረውም። ዋናው ሥራ የሚከናወነው ኦክስጅኑ በሚራገፍበት ቦታ ነው።

ከሁሉም የሚደንቀው በእንግዴ ልጅ የሚሆነው ነው። የጽንሱ ደም ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለእናቱ ደም ያስረክባል። የእናትየዋ ሂሞግሎቢን በዚህ ላልቶ ኦክስጅኑን ይለቃል፤ ሸክሙን ያራገፈው የጽንሱ ሂሞግሎቢን ደግሞ በዚያው ቅጽበት ጠብቆ ይቀበለዋል። አንድ ልውውጥ በሁለት አቅጣጫ ስለሚሠራ ድርብ የቦር ክስተት ይሉታል።

በድንጋጤ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከልክ በላይ ያስወጣል። ያን ጊዜ ደሙ በኦክስጅን የተሞላ ቢሆንም ሂሞግሎቢን አጥብቆ ይይዘዋል፤ የአንጎል የደም ሥሮችም ይጠባሉ። ራስ የሚያዞረው በዋነኝነት በደም ሥሮቹ መጥበብ ቢሆንም፣ የሂሞግሎቢን መጥበቅም ድርሻ አለው።