መሬቱ የማን ነው?

  

የዛሬው ንግግራችን ስለ መሬት ታሪክ ነው። «ስለ መሬትማ እኛ እናውቃለን፤ ስናርሰው የኖርነው እኛ አይደለን እንዴ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። አፈሩን ከገበሬ በላይ የሚያውቀው የለም። ነገር ግን መሬት አፈር ብቻ አይደለም። መሬት ሕግም ነው፤ ወረቀትም ነው። ሕጉንና ወረቀቱን ደግሞ ማንበብ ያስፈልጋል። እስቲ ከጥንቱ እንጀምር።

ርስትና ጉልት

«ርስት» የሚለው ቃል «ወረሰ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ርስት ማለት ከወላጆች የሚወረስ መሬት ማለት ነው። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በትግራይ፣ በወሎና በሰሜን ሸዋ ብዙው ገበሬ ባለርስት ነበር። ባለርስት የሆነው መሬቱን ገዝቶ አይደለም። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ስለተወለደ ነው። ያንን የመጀመሪያ አባት በጎጃም «ዋና አባት» ይሉታል።

ልብ በሉ! ርስት የሚመጣው በአባት በኩል ብቻ አልነበረም፤ በእናትም በኩል ይመጣ ነበር። አንድ ሰው በአባቱ በኩል እዚህ፣ በእናቱ በኩል ደግሞ ወንዝ ማዶ ርስት ሊኖረው ይችል ነበር። ሴት ልጅም ትወርስ ነበር። ከአገሩ ርቆ የኖረ ሰው እንኳ ተመልሶ፣ ዘሩን ቆጥሮ፣ «ድርሻዬን ስጡኝ» ይል ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዘር መቁጠር ለገበሬው ቤተሰብ የምሽት ጨዋታ አልነበረም። የእንጀራ ጉዳይ ነበር። ርስት ያለው ሰው በአገሩ ሰው ነው፤ ይከበራል፤ ልጁን ይድራል፤ በሸንጎ ይናገራል። ርስት የሌለው ግን «መጤ» ይባላል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በብዙ ቦታ ርስት አልነበራቸውም። በብዙ ቦታ ሙስሊሙም እንዲሁ ርስት ተነፍጎት ኖሯል።

ርስት ጠብም ነበረበት። ዘር ቆጣሪው በበዛ ቁጥር ማሳው ያንሳል። ወንድም ከወንድም ይካሰሳል። ለሙግት ሲሉ በሬያቸውን የሸጡ ብዙ ናቸው።

ከርስት በላይ ደግሞ ጉልት ነበር። ጉልት ማለት ከሚያርሰው ሰው ግብር የመብላት መብት ነው። ነገሥታቱ ይህን መብት ለመኳንንትና ለአብያተ ክርስቲያናት ይሰጡ ነበር። እንግዲህ በአንድ ማሳ ላይ ሁለት መብት አለ ማለት ነው። ገበሬው ባለርስት ነው፤ ጌታው ባለጉልት ነው። ገበሬው ለባለጉልቱ እህል ይሰፍራል፤ ማር ያገባል፤ አጥር ያጥራል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ተኖረ። ጉልት በአዋጅ የቀረው በ1958 ዓ.ም. ነው።

ጭሰኛው

በደቡቡ የአገራችን ክፍል ታሪኩ ሌላ ነው። ከዐፄ ምኒልክ ዘመቻዎች በኋላ በአርሲ፣ በባሌ፣ በሲዳሞና በሌሎችም ቦታዎች መሬቱ በቃላድ ተለካ። ቃላድ የመለኪያ ገመድ ነው። ልኩም በጋሻ ተቆጠረ። አንድ ጋሻ በብዙ ቦታ 40 ሄክታር ያህል ነው። በብዙ ቦታ ሲሶው ለአገሬው ባላባት ቀረ። ሌላው ለመንግሥት፣ ለሹሙ፣ ለወታደሩና ለቤተ ክርስቲያን ተከፋፈለ። አያት ቅድመ አያቱ ያረሱትን መሬት የሚያርሰው ገበሬ በገዛ አገሩ ገባር ሆነ። የጣሊያን ወረራ በ1933 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ የመሬት ግብር በገንዘብ እንዲከፈል ተደረገ። መሬቱ ግን በስሙ የተጻፈለት የባለመሬቱ ሆነ። ገበሬው ጭሰኛ ተባለ።

«ጭሰኛ» የሚለው ቃል ከጭስ የመጣ ነው። በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ እሳት የሚያነድ ሰው ነው። ከምርቱ ሲሶውን ከሰጠ ሲሶ አራሽ፣ እኩሌታውን ከሰጠ እኩል አራሽ ይባላል። በላዩም አሥራት አለ። በበዓል በግ፣ ቅቤና ማር ይዞ ደጅ መጥናት አለ። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ በቃል ነበር። ባለመሬቱ «ልቀቅ» ካለ ጭሰኛው ይለቃል። ታዲያ ነገ የሚለቀውን መሬት ማን ዛፍ ይተክልበታል? ማን እርከን ይሠራበታል?

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ፣ በስዊድን መንግሥት እርዳታ «ካዱ» የሚባል የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ጀመረ። ማዳበሪያና የተመረጠ ዘር መጣ። የስንዴው ምርት ጨመረ። መሬቱ ገንዘብ እንደሚያወጣ ያዩ ባለመሬቶች ግን ትራክተር አስገቡና ጭሰኞቻቸውን አስነሡ። ምርት ጨምሮ ጎጆ ፈረሰ። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? መሬቱን የሚያርሰው ሰው መብት ከሌለው፣ ልማቱ ራሱ ሊያፈናቅለው ይችላል።

«መሬት ለአራሹ»

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። የጭሰኛውን ውል የሚያሻሽል ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤት ቢቀርብም ሳይጸድቅ ቀረ። በምክር ቤቱ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ራሳቸው ባለመሬቶች ነበሩ።

በ1960 ዓ.ም. ደግሞ በጎጃም ሌላ ነገር ሆነ። መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ጣለ። የጎጃም ገበሬ ግን «መሬቴ ከተለካ ርስቴ ሊወሰድ ነው» ብሎ ተነሣ፤ ጠመንጃም አነሣ። ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ መንግሥት ሐሳቡን ቀይሮ ውዝፉን ግብር ማረ። እንግዲህ አስተውሉ። ጭሰኛው መሬት ስለሌለው አለቀሰ። ባለርስቱ ያለውን እንዳያጣ ተዋጋ። ሁለቱም የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ ልጆቼ የት ይወድቃሉ የሚለውን።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ከዙፋን ወረዱ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። አዋጅ ቁጥር 31 ይባላል። ጭሰኝነት ቀረ። የጭሰኛው ዕዳም ተሰረዘ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። መሬት መሸጥ፣ ማስያዝና ማከራየት ተከለከለ። ገበሬው ሲሞት የትዳር ጓደኛውና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹ እንዲጠቀሙበት ተፈቀደ። በደቡብ ትልቅ ደስታ ሆነ። በሰሜን ግን ብዙ ባለርስት «ርስቴስ?» ብሎ ተጨነቀ።

ደስታውም ሳይደፈርስ አልቆየም። ገበሬው ለባለመሬት መስፈር ቢቀርለትም፣ በኋላ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ የእህል ኮታ እንዲያስገባ ተገደደ። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በሰፈራ፣ ቀጥሎም በመንደር ምሥረታ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተነሣ። የእህል ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው።

ደብተሩ

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 40፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፤ አይለወጥም ይላል። አርሶ አደሩ መሬት በነፃ የማግኘትና ካለአግባብ ያለመነቀል መብት አለው ይላል። ይሁን እንጂ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል እንደገና ሽግሽግ ተደርጎ ብዙ ማሳ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ገበሬው «ነገስ ማን ይወስደው?» ማለቱን አልተወም።

ይህን ሥጋት ለመቀነስ ነው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የመጣው። ትግራይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቀድማ ሰጠች። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ተከተሉ። ትልቁ ነገር የባልና የሚስት ስም አብሮ መጻፉ ነው። በአማራ ክልል የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጥፎበታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 1324፣ ወጥቷል።

አሁን ነገሩን ወደ ቤታችን እናምጣው። ባሏ የሞተባትን አንዲት ሴት አስቡ። ጎረቤት ድንበሩን ገፋ። የባል ወንድም «መሬቱ የወንድሜ ነው» አለ። ደብተሩ ከሣጥን ውስጥ አለ። ስሟም ተጽፎበታል። ግን ማንበብ ካልቻለች፣ ስሟ ለእሷ ዝም ያለ ስም ነው። ማንበብ ከቻለች ግን ገልጣ፣ ጣቷን በስሟ ላይ አድርጋ፣ «ይኸውና!» ትላለች።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ደብተራችሁን ከሣጥን አውጡ። መጀመሪያ ስማችሁን አንብቡ። የሚስት ስም አለ? የባልስ? ቀጥሎ የማሳውን ስፋት እዩ። ከዚያ አዋሳኞቹን አንብቡ፤ በምሥራቅ ማን ነው? በምዕራብስ? በሰሜንና በደቡብስ? የተሳሳተ ካገኛችሁ በጊዜ ወደ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሂዱ። መሬታችሁን ለእኩል ወይም በኪራይ ስትሰጡም ውሉ ይጻፍ። ሳያነቡት የሚፈረም፣ ጣትም የሚነከርበት ወረቀት አይኑር።

ከንባቡ በኋላ እነዚህን ተወያዩባቸው። ርስትና ጉልት በምን ይለያያሉ? ጭሰኛው ዛፍ ያልተከለው ለምንድን ነው? ማሳው ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል እያነሰ ነው፤ መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶችስ በምን ይኑሩ? ይህ የመጨረሻው ከባድ ነው፤ ሽማግሌውም ወጣቱም ይናገርበት።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። በደህና ሰንብቱ።