ጥርስ የሌለው ዘር ያለፈበት መንገድ

የጥንት አጥቢ እንስሳትን ታሪክ በአብዛኛው ያቆዩልን ጥርሶቻቸው ናቸው። አጥንቱ ፈርሶ አፈር ሲሆን ጥርሱ ለሚሊዮን ዓመታት ይቆያል፤ ተመራማሪም ከአንዲት መንጋጋ ተነስቶ ዘሩንና አመጋገቡን ይለያል። ጉንዳን በል ግን ጥርስ የለውም፤ ምግቡን በሚያጣብቅ ረጅም ምላሱ እየለቀመ ይውጣል። የዚህ ዘር ጥንታዊ ቅሪት እጅግ ጥቂት የሆነው በዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

በደንብ ከሚታወቁት ቀደምቶች አንዱ፣ አርጀንቲናዊው ፍሎሬንቲኖ አሜጊኖ በ1904 እ.ኤ.አ. የሰየመው ፕሮታማንዱዋ ነው። የኖረው ከ17 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፓታጎኒያ ነበር። ዛሬ ነፋስና ብርድ የሚፈራረቁበት ያ ምድር ያኔ ሞቃትና ዛፍ ያለው ስለነበር ይስማማው ነበር። ከ13 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ በኮሎምቢያ፣ ላ ቬንታ፣ የዛሬው ግዙፍ ጉንዳን በል የቅርብ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም የሚባለው ኒዮታማንዱዋ ይኖር ነበር።

ከሁሉ ያማረው አጽም የወጣው ግን ከጀርመን ነው። ጌርሃርድ ሽቶርኽ በ1981 ከሜሰል የተገኘውን ዩሮታማንዱዋን ጉንዳን በል ነው ብሎ አስተዋወቀ። ዕድሜው 47 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ደቡብ አሜሪካ በባሕር ተከብባ በኖረችበት ዘመን እንዴት አውሮፓ ደረሰ? ጥያቄው ብዙ አከራከረ። አጥንቱ ደጋግሞ ሲመረመር፣ ጉንዳን በሎች ከስሎዝና ከአርማዲሎ ጋር የሚጋሩት የአከርካሪ ተጨማሪ መጋጠሚያ አልተገኘበትም፤ ዛሬ ብዙዎች ከፓንጎሊን ወገን ይመድቡታል። ስህተቱ የሚያስወቅስ አይደለም። ጉንዳንና ምስጥ መብላት ሩቅ ለሩቅ የሆኑ ዘሮችን ጠንካራ ጥፍርና ረጅም ምላስ እያስያዘ ያመሳስላቸዋል። በአገራችን ሌሊት ኩይሳ የሚቆፍረው አዋልዲጌሳም ለጉንዳን በል የሥጋ ዘመዱ አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን በ1987 ይፋ የሆነው የሜክሲኮ ግኝት ነው። ሁለቱ አሜሪካዎች በፓናማ ከተገናኙ በኋላ ግዙፉ ጉንዳን በል ወደ ሰሜን ዘልቆ ነበር፤ ምስክሩም በሶኖራ፣ ኤል ጎልፎ ውስጥ የተገኘ የፊት እግሩ መዳፍ አጥንት ነው። ቦታው ዛሬ እንስሳው ከሚኖርበት ወሰን በ3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አሁን በረሃ የሆነው ያ አካባቢ በፕሊስቶሲን መጀመሪያ ሞቃትና እርጥብ እንደነበር ተመራማሪዎች ያመኑት፣ ይህ እንስሳ ኖሮበት ስላገኙት ጭምር ነው።