«የውሳኔ ነፃነት»፦ ባንክ ገለል አይልም

ሰሞኑን ስለ ብሔራዊ ባንክ በተወራ ቁጥር አንድ ቃል ጆሮዬን ይቆረቁረኛል፦ «የባንኩ ገለልተኝነት»። «ኢንዲፔንደንትነት» የሚሉትን ባዕድ ቃል ነው ብዬ ላልፋቸው እችላለሁ። ይሄኛው ግን የገዛ ቃላችን ሆኖ ሳለ ያለቦታው ገብቷል፤ የሚያበሳጨኝም ለዚህ ነው።

ገለል ማለት ከመንገድ ዞር ማለት ነው። በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ አህያ የሚነዳ ሰው «ገለል በሉ!» ካለ መንገዱን ልቀቁ ማለቱ ነው። ገለልተኛ ሽማግሌም ከሁለቱ ባላጋራዎች ወገን ያልቆመ ነው። ማዕከላዊ ባንክ ግን ራሱ የዋጋ ንረት ባላጋራ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ፣ የፖሊሲ ወለድ ተመኑም 15 በመቶ ሲባል፣ ባንኩ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ነበር።

«ራስ ገዝነት» የሚሉም አሉ። የባንኩ ዋና ሹም «ገዥ» ስለሚባል ቃሉ ቤተኛ ይመስላል፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ራስ ገዝ እየተባሉ ነው። ባንክ ግን ግቡን ለራሱ አያወጣም። ግቡን ሕግ ይሰጠዋል፤ ለእሱ የተተወለት ወደ ግቡ የሚያደርሰውን መንገድ መምረጥ ነው። ራስ ገዝ ካልነው ያልተሰጠውን ሥልጣን እንጨምርለታለን።

«ነፃነት» ብቻውንስ? ሥሩ የግእዙ ነጽሐ ነው፤ ንጹሕም ከዚያው ይወጣል። የአማርኛው ነፃ ግን ፊቱ «ከ» ይፈልጋል፦ ከዕዳ ነፃ፣ ከክስ ነፃ። «ከ» ሲጎድል ሐሳባችን ወደ አገር ነፃነት ይሄዳል። ታዲያ ባንኩ ነፃ የሚሆነው ከምንድን ነው? የመንግሥት ግምጃ ቤት ጉድለት ከሚያሳድርበት ግፊት ነው። ከ2003 እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ቦንድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ ገንዘቡም መንግሥት ለመረጣቸው ሥራዎች ይውል ነበር። መንግሥት ከባንኩ በቀጥታ ይበደርም ነበር፤ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብድሩ ከቀደመው ዓመት አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ተወሰነ።

«ተወሰነ» አልኩ። የምሟገትለት ቃል እዚህ ውስጥ አለ። ወሰን፣ ውሳኔ፣ ወሳኝ፣ የተወሰነ፦ ሁሉም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። በርስት ወሰን ስንት ዘመን ለተሟገተ የመንዝ ሰው ውሳኔ ማለት ድንበር ማስመር እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ «የውሳኔ ነፃነት» እላለሁ። ነፃነቱን ይናገራል፤ ወሰን እንዳለውም በዚያው ትንፋሽ ይናገራል። «የመወሰን ነፃነት» ሊሆን አይችልም ወይ የሚለኝ ይኖራል። ይችላል፤ ነገር ግን መወሰን ሲባል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ቀድሞ ይመጣል፤ ወዲያውም ሌላ ክርክር ውስጥ እንገባለን።

ወሰን ያለው ነፃነት ለደገኛው እንግዳ አይደለም። የመንዝ ጓሳ የሚባለው የሣር ሜዳ በአስቦና በጌራ ተወላጆች ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። የተመረጠው አባት ሜዳውን ሲዘጋው ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግቶ የሚቆይበት ጊዜ ነበር። ከብቱ የከሳበት ሰው ተነሥቶ አይከፍተውም፤ የቤቱን ክዳን መቀየር የፈለገም ሣሩን አያጭድም። አባትዬው ግን ገለልተኛ አልነበረም፤ የገዛ ከብቶቹም የዚያው ሣር ተስፈኞች ናቸው። ራስ ገዝም አልነበረም፤ ጓሳው ለምን እንደሚጠበቅ የወሰኑት የመረጡት ሰዎች ናቸው፤ እነሱው ይጠይቁታል። የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ቀን የመቁረጡ ነገር ግን የእሱ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጥቶ ሥርዓቱ ሲፈርስ ጓሳው ከልኩ በላይ ተጋጠ፣ ታጨደም።

አሁን ባንኩ በአዲስ አዋጅ፣ በቁጥር 1359/2017 ይተዳደራል። አዋጁን የሚተነትን ሰው «ባንኩ ገለልተኛ ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ አድማጩ የሚረዳው ባንኩ ለማንም አያደላም ወይ ብሎ ነው። እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ «ግምጃ ቤቱ ባዶ በሆነ ቀን፣ ባንኩ ብድር አልሰጥም የማለት የውሳኔ ነፃነት አለው ወይ?»