«ጋፕ ዪር»፦ ከሜዲካል ስኩል በፊት የሚወሰደው የፋታ ዓመት

አሜሪካ ያደገች የሐበሻ ልጅ ከኮሌጅ በተመረቀች ማግስት «ሜዲካል ስኩል ዘንድሮ አልገባም፤ ጋፕ ዪር ወስጃለሁ» ስትል ቤቱ ውስጥ ዝምታ ይወርዳል። አማርኛችን ከትምህርት ገበታ ለራቀ ሰው ያለው ስም ሁሉ የኪሳራ ስም ነውና። ክፍል የደገመ አለ፣ ዊዝድሮዋል ሞልቶ የወጣ አለ፣ ውጤቱ አንሶ ዓመት የተቀጣ አለ፤ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ዓመት ያቃጠለው ነው። ልጅቷ ከእነዚህ አንዱም አልደረሰባትም። ዲግሪዋን ይዛለች፣ ውጤቷ ያኮራል፣ ሐኪም የመሆን ሐሳቧም ንቅንቅ አላለም። እናት ግን «ልጅሽ የት ደረሰች?» ለሚሏት ሁሉ የምትመልሰው ቃል ስታጣ «ትንሽ አረፍ ልበል ብላ ነው» ትላለች። ይህ መልስ ደግሞ ከእውነቱ በጣም ይርቃል።

ጋፕ ዪር አንድ ተማሪ አንዱን የትምህርት እርከን ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ከመግባቱ በፊት አስቦና አቅዶ ከመደበኛ ትምህርት ውጭ የሚያሳልፈው ጊዜ ነው። ስሙ ዓመት ይበል እንጂ ሁለትም ሦስትም ዓመት ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ዕቅዱ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ዩኒቨርሲቲዎችን ሲያዘጋ ቤቱ የከረመ ተማሪ ጋፕ ዪር ወሰደ አይባልም። የ12ኛ ክፍል ውጤቱ አንሶ ሪሜዲያል የገባም እንዲሁ፤ ያንን ዓመት የጨመረለት መንግሥት እንጂ እሱ አይደለም።

ልማዱ የተስፋፋው ከብሪታንያ ነው፤ ኢትዮጵያም ከጅምሩ አለችበት። ኒኮላስ ማክሊን ብሪስቶል የሚባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1967 ፕሮጀክት ትረስት የተሰኘውን ድርጅት ሲመሠርቱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች የላኩት ወደ ኢትዮጵያ ነበር። በዚያው ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከትምህርታቸው አንድ ዓመት እየተለዩ ወደ ክፍለ ሀገር ይወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በአብዛኛው በመምህርነት እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። እንግሊዛዊው ወጣት በፈቃዱ፣ የስድስት ኪሎው ተማሪ በግዴታ፣ ሁለቱም ከክፍል ውጭ አንድ ዓመት ያሳልፋሉ። የእኛው ግን በትምህርት ቋንቋችን ውስጥ ስም ሳይተክል አለፈ።

አሁን ስም ያስፈልገዋል። ቃል በቃል «የክፍተት ዓመት» ቢባል ክፍተት በአማርኛ መደፈን ያለበት ጉድለት ነው፤ የወላጆችን ጥርጣሬ ያጸናዋል። «የእረፍት ዓመት» የእናትየዋን መልስ መድገም ይሆናል። «የመሰናዶ ዓመት» ጥሩ ነበር፤ ግን መሰናዶ ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ይሄዳል። «የሽግግር ዓመት»ን ፖለቲካው ቀድሞ ወስዶታል። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 ለአዲስ ገቢ ተማሪዎቹ የከፈተውን ዘጠኝ ወር የሚፈጅ የውጭ ሀገር አገልግሎት «ብሪጅ ዪር» ብሎታል፤ «የድልድይ ዓመት» መሆኑ ነው፤ ለአንድ ፕሮግራም መጠሪያ ያምራል፣ ለዕለት ንግግር ግን ይከብዳል። ይህ ጽሑፍ የሚመርጠው «የፋታ ዓመት»ን ነው። ፋታ በሁለት ሥራ መካከል የሚገኝ ጊዜ ነው፤ ሰው «ፋታ አጣሁ» ሲል መተኛት አማረኝ ማለቱ ብቻ አይደለም፣ ሌላ ነገር የምሠራበት ጊዜ አጣሁ ማለቱም ነው። በፋታ ዓመት ላይ ያሉ ተማሪዎች ከማንም በላይ እንደሚሯሯጡ የሚያውቅ ሰው በቃሉ ፈገግ ሊል ይችላል። ፋታው ግን ከክፍልና ከፈተና ነው፤ ከሥራ አይደለም።

የፋታ ዓመት እንደ አሜሪካ ሕክምና ተማሪዎች የሠመረለት የለም። የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በየዓመቱ አዲስ ገቢዎችን በሚጠይቅበት መጠይቅ ከኮሌጅ ምረቃ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ቆይተው የገቡት ከግማሽ በላይ ናቸው። በቀጥታ የሚገባው ዛሬ አናሳው ነው። ለምን እንደዚህ ሆነ ሲባል ብዙ ሰው ስለ ድካምና ስለ መንፈስ መታደስ ያወራል፤ የዚህ ጽሑፍ ግምት ግን ትልቁ ምክንያት የቀን መቁጠሪያው ነው የሚል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚያ ሀገር ሕክምና የሚጀመረው የአራት ዓመት ኮሌጅ ካለቀ በኋላ ሲሆን ማመልከቻው ከመግቢያው ከአንድ ዓመት በላይ ይቀድማል። ነሐሴ ላይ ክፍል መግባት የፈለገ ሰው አምካስ የሚባለውን የጋራ ማመልከቻ የሚልከው ባለፈው ዓመት በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን ነው። የአሜሪካው በጋ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በሚጠይቃቸው ተጨማሪ ጽሑፎች ያልቃል፤ ቃለ መጠይቁ ከመኸር እስከ እዚያው ብርዳማው ክረምት ይዘልቃል፤ የመጀመሪያዎቹ የተቀባይነት ደብዳቤዎች ከኦክቶበር 15 ጀምሮ ይወጣሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ኤምካት አለ፦ የፈተና ቀኑ ከነእረፍቱ ሰባት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ፣ ውጤቱ ከ472 እስከ 528 የሚቆጠር ፈተና።

ስለዚህ ያለ ፋታ በቀጥታ ለመግባት የሚያስብ ተማሪ ኤምካቱን ተፈትኖ፣ የምስክር ደብዳቤዎቹን ሰብስቦ የሚያመለክተው ገና ሦስተኛ ዓመቱን እንደጨረሰ ነው። ብዙውን ጊዜ ያኔ ዕድሜው 21 ዓመት ነው። የአራተኛ ዓመቱ ውጤትና የመመረቂያ ጥናቱ በዋናው ማመልከቻ ላይ የሉም፤ ገና አልተሠሩምና። ማመልከቻው ደግሞ ዘርዝር ይላል። እስከ 15 ሥራና ተሳትፎ የሚሞላበት ቦታ አለው፤ እያንዳንዱ በ700 የፊደል ምልክት ይገለጻል፤ ከእነዚያ ውስጥ እስከ ሦስት የሚደርሱት «ከሁሉ የላቀ ትርጉም የነበራቸው» ተብለው ተጨማሪ ማብራሪያ ይጻፍባቸዋል። ሌሊት የሚሠራ አባቱን ለመርዳት ቅዳሜና እሑድ ሱቅ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ እነዚህን ቦታዎች በሦስት ዓመት የኮሌጅ ቆይታ በሆስፒታልና በላቦራቶሪ ልምድ መሙላት ያቅተዋል። ሱቁ ራሱ ሊጻፍ ይችላል፤ እንዲያውም መጻፍ አለበት። ብቻውን ግን አያስገባም።

በዓመት ከ50 ሺህ በላይ ሰው ያመለክታል፤ ወንበር የሚያገኘው ወደ 23 ሺህ ገደማ ነው። ሳያገኙ ከቀሩት ብዙዎቹ ዳግም ያመለክታሉ፤ የእነሱም ዓመት ጋፕ ዪር ይባላል፤ ያልመረጡት ቢሆንም።

እዚህ ላይ ወላጆችም ተማሪዎችም የሚስቱት ስሌት አለ። በምረቃው ሰሞን ያመለከተ ሰው የሚገባው ከ14 ወር በኋላ ስለሆነ የፋታ ዓመቱ ራሱ የጥበቃው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የሚሠራው አብዛኛው ሥራ ማመልከቻው ከተላከ በኋላ የሚሆን ነው፤ ትምህርት ቤቶቹ የሚያዩት «እየሠራሁ ነው፣ ይህን ያህል ሰዓት እሠራለሁ» የሚለውን ዕቅድ፣ ሲፈቅዱም በኋላ የሚላክላቸውን ማሟያ ደብዳቤ ነው። ማመልከቻው ላይ የተጠናቀቀ ሥራ እንዲታይለት የፈለገ ሰው ሁለት ዓመት ያስፈልገዋል። «አንድ ዓመት ብላኝ ሁለት አደረገችው» የሚለው የቤተሰብ ሮሮ ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው ነው።

ታዲያ ዓመቱን ምን ይሠሩበታል? አንዳንዱ ስክራይብ ይሆናል፦ ሐኪሙ በሽተኛውን ሲመረምር ከጎኑ ቆሞ የተባለውንና የታየውን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ የሚመዘግብ ጸሐፊ። ክፍያው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሐኪም እንዴት እንደሚያስብ በዚህ ቅርበት የሚታይበት ሌላ ሥራ ለጀማሪ አይገኝም። ሌላው አጭር ሥልጠና ወስዶ አምቡላንስ ላይ ይሠራል። ምርምር የሚወዱ ደግሞ በሜሪላንድ ቤተዝዳ የሚገኘው ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ በተለምዶ ኤንአይኤች፣ በቅርቡ ለተመረቁ ወጣቶች የሚሰጠውን ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት የሚዘልቅ የላቦራቶሪ ቦታ ይመኛሉ፤ ለኑሮ የሚሆን አበል አለው። ሐበሻ ከሚበዛበት ሲልቨር ስፕሪንግ ተቋሙ ቅርብ ነው። ሁለቱም የሜትሮው ቀይ መስመር ላይ ናቸው፤ ባቡሩ ግን መጀመሪያ ዋሽንግተን መሀል ወርዶ ነው ተመልሶ የሚወጣው።

አማርኛ ለሚያውቅ ልጅ ደግሞ ሌላው ተማሪ የሌለው በር አለ፤ የሕክምና አስተርጓሚነት። የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ከሚገለገሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የፌዴራሉ የጤና ሕግም ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያዝዛል፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለወላጁ እንዲያስተረጉም ማድረግን ይከለክላል። ብዙ የስደተኛ ልጆች በዘጠኝ በአሥር ዓመታቸው የእናታቸውን ቀጠሮ ያስተረጎሙ ናቸውና ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ።

ሙያው ከቤት ትርጉም የተለየ ነው። ለብሔራዊ የምስክር ወረቀት ለመቅረብ ቢያንስ 40 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል፤ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱም አስተርጓሚው በበሽተኛው አፍ መናገሩ ነው። ሴትየዋ «ራሴን ያመኛል» ካሉ አስተርጓሚው «ራሳቸውን ያማቸዋል» አይልም፤ እሱም «ራሴን ያመኛል» ይላል። አዛውንቱ «ምች ነው የመታኝ» ሲሉ ነገሩ ይወሳሰባል። ምች በእንግሊዝኛ የበሽታ መዝገብ ውስጥ የለም። «ጉንፋን ማለታቸው ነው» ብሎ መፍረድ የአስተርጓሚው ሥልጣን አይደለም፤ ዝም ብሎ ማለፍም ሐኪሙን ያሳስታል። የሠለጠነው አስተርጓሚ ቃሉን እንዳለ ያቀብልና የባህል ቃል ስለሆነ ምን ማለታቸው እንደሆነ ቢጠይቋቸው ይሻላል ብሎ ለሐኪሙ ያሳስባል። አዛውንቱም ፀሐይ ላይ ቆመው እንደነበር፣ ከንፈራቸው እንደቆሰለ፣ ዳማከሴ እንደተጠቀሙ ያወጋሉ። ይህን ጨዋታ ከመሀል ሆኖ ያስተላለፈ ወጣት ከእነዚያ 15 ቦታዎች በአንዱ ላይ የሚጽፈው አያጣም።

የፋታ ዓመት ዋጋው ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም። አንድ ዓመት ዘግይቶ የገባ ሐኪም ከሥራ ዘመኑ መጨረሻ የአንድ ሙሉ ዓመት የስፔሻሊስት ደመወዝ ይቀነስበታል። የፌዴራል የትምህርት ብድር ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው ዕፎይታ ስድስት ወር ነው፤ ከዚያ ክፍያው ይጀመራል፤ ተማሪው ሜዲካል ስኩል ሲገባ ሊታገድ ይችላል። የኤምካት ውጤትም ይሻግታል፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በላይ የቆየውን አይቀበሉም። የሚያቀልም አለ። ልጁ 26 ዓመት እስኪሞላው በወላጁ የጤና መድን ሥር መቆየት ይችላል። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ አመልካች ደግሞ የኮሌጆቹ ማኅበር የኤምካትን ዋጋ ይቀንስለታል፣ እስከ 20 ትምህርት ቤት ድረስም ያለ ክፍያ እንዲያመለክት ያደርጋል። ይህን የድጋፍ ፕሮግራም ሳያውቁ ከኪሳቸው የሚከፍሉ የሐበሻ ቤተሰቦች ጥቂት አይመስሉም።

በሌላ ሀገር መልኩ ይለያል። በብሪታንያ ሕክምና ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ስለሚገባ ፋታው በ18 ዓመት ላይ ይወድቃል፤ ማመልከቻው በኦክቶበር 15 ይዘጋል፣ የመግቢያ ፈተናው የዩካት ውጤትም ለዚያው ዓመት ብቻ ነው የሚያገለግለው። በእስራኤል የቤተ እስራኤል ልጆችን ጨምሮ አብዛኛው ወጣት ከዩኒቨርሲቲ በፊት ውትድርና ይገባል፤ እዚያ ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ሕክምና የገባ ሰው ነው ምክንያቱን የሚጠየቀው። በኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም በሳይንስ ዘርፍ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሏል፤ ከእነሱ መካከል ሲሠሩ የቆዩም ነበሩ። ያ የሥራ ዘመን ግን ሕክምና ለመግባት ታስቦ የታቀደ ስላልነበር የፋታ ዓመት ብሎ መጥራት ቃሉን መለጠጥ ይሆናል።

ቃሉን ለመጠቀም አንድ ልዩነት ማወቅ ይበቃል። ገና ያላመለከተች ወይም አመልክታ መልስ የምትጠብቅ ልጅ «የፋታ ዓመት ላይ ነች» ይባላል። ተቀባይነት አግኝታ ትምህርት ቤቱ በሚቀጥለው ዓመት እንድትጀምር የፈቀደላት ከሆነ ግን ወንበሯ የተያዘ ነውና «መግቢያዋን አዘግይታለች» ማለት ይሻላል። ይህን ፈቃድ ትምህርት ቤቶቹ የሚሰጡት አልፎ አልፎ፣ በጽሑፍ በቀረበ በቂ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ እናት ለዘመድ ስትናገር ሁለተኛውን ማለት ከቻለች ድምፅዋን ከፍ ብታደርግ አይፈረድባትም።