አፍ ሳይከፍቱ ጃፓንን የያዙት ግንበኞች

ድምፃዊ የሌለው የሮክ ባንድ ዕድሜው አጭር ነው ይባላል። ሰው አብሮ የሚያንጎራጉረው ግጥም ይፈልጋላ! የአሜሪካኖቹ «ዘ ቬንቸርስ» ግን በጊታርና በድራም ብቻ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘለቁ።

ቦብ ቦግልና ዶን ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1958 ሲገናኙ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጡ ወጣቶች ነበሩ። በዋሽንግተን ግዛት፣ ታኮማ አካባቢ፣ ቀን በግንባታ ሥራ እየዋሉ ማታ ማታ በርካሽ ጊታር ይለማመዳሉ። አንድ ቀን የጃዝ ጊታሪስቱን የጆኒ ስሚዝን «ዎክ ዶንት ረን» በቼት አትኪንስ አጨዋወት ሰሙት። የአትኪንስ ጣቶች የሚሠሩትን መሥራት ግን አቃታቸው። ስለዚህ አቀለሉት፤ በቀላሉ እጅ የሚገባ፣ ፈጠን ያለ ዜማ አደረጉት። የዕድሜያቸው ምስጢር እዚህች ላይ ነው።

አሳታሚ ፊት ሲነሳቸው የዶን እናት ጆሲ ዊልሰን የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው ሸክላውን አወጡላቸው። የሲያትሉ ኬጄአር ሬዲዮ ደጋግሞ አጫወተው፤ በ1960 በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ያዘ። በቀረጻው ላይ ድራም የመታው ልጅ ከገቢው ድርሻ ይልቅ 25 ዶላር በእጁ መቀበልን መረጠ ይባላል። ማን ይፈርድበታል?

ከ1964 በኋላ ቢትልስና ሌሎቹ የእንግሊዝ ባንዶች አሜሪካን ሲያጥለቀልቁ ግጥም አልባ ባንዶች አንድ በአንድ ከሰንጠረዡ ወረዱ። ቬንቸርስን ያተረፋቸው ጃፓን ነው። በ1962 አዘጋጆቹ የሁለት ሰው ብቻ ወጪ ስለቻሉ ቦግልና ዊልሰን ለብቻቸው ሄዱ። በ1965 መጀመሪያ ሊድ ጊታሪስቱ ኖኪ ኤድዋርድስና ድራመሩ ሜል ቴይለር ተጨምረው ሲመለሱ አገሩ በአንድ እግሩ ቆመ። ቋንቋ አጥር አልሆነባቸውም፤ የሚተረጎም ነገር የለማ። የጃፓን ወጣት ግን አዳምጦ ብቻ አልቀረም፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ገዝቶ እነሱኑ መጫወት ያዘ። ነገሩ ወላጆችን አስደንግጦ በአንዳንድ ከተሞች ተማሪዎች ጊታር እንዳይነኩ እስከ መከልከል ደረሰ። ክልከላው ምን ያህል እንደሠራ ለማወቅ በየሰፈሩ የተፈለፈሉትን ባንዶች ማየት ይበቃል።

እነሱም የአድማጫቸውን ልብ አውቀውታል። በዚያው በ1965 አሜሪካ ውስጥ ጊታር የሚያስተምር ሸክላ አወጡ፤ ማስተማሪያ ሆኖ ሳለ የቢልቦርድ የአልበም ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ። የአትኪንስን አጨዋወት ሰምቶ ጊታሩን የሚሰቅል ብዙ ነው። የቬንቸርስን የሰማ ግን «ይቺንማ እኔም እችላታለሁ» ይላል፤ ያ ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ደንበኛቸው ነው።

በ1969 የቴሌቪዥን ድራማው «ሃዋይ ፋይቭ ኦ» መግቢያ ሙዚቃ አሜሪካ ውስጥ 4ኛ ደረጃ ላይ አወጣቸው። ጃፓን ውስጥ የሆነው ግን ይበልጥ ይገርማል፦ የደረሷቸው ዜማዎች የጃፓንኛ ግጥም እየተገጠመላቸው በአገሬው ድምፃውያን ተዘፈኑ። ዩኮ ናጊሳ በ1970 የተጫወተችው «ኪዮቶ ኖ ኮይ» አንዱ ነው። የታኮማ ግንበኞች ስለ ኪዮቶ ፍቅር ዜማ ሠሩ ማለት ነው።

የአሜሪካው የሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ያስታወሳቸው በ2008 ነው፤ ቦግል በዓመቱ አረፈ። ሜል ቴይለር በ1996 ሲሞት ድራሙን ልጁ ሊዮን ተረክቧል። ዊልሰን እስከ 2015 ድረስ ጃፓን እየተመላለሰ ተጫወተ፤ በ2022፣ በ88 ዓመቱ፣ አረፈ።