ስፖርት ቱሪንግ ሞተር ብስክሌት

ስፖርት ቱሪንግ ሞተር ብስክሌት በአስፋልት መንገድ ላይ ረጅም ርቀትን በፍጥነትና በምቾት ለመጓዝ የሚሠራ የሞተር ብስክሌት ዓይነት ነው። ቦታው በሁለት ወገኖች መካከል ነው፦ በአንድ በኩል ለውድድር ሜዳ የቀረበው ቀላልና ፈጣን የስፖርት ሞተር ብስክሌት፣ በሌላ በኩል እንደ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ያለው ትልቅና ከባድ የጉዞ ሞተር ብስክሌት። ከመጀመሪያው ኃይልን፣ ጠንካራ ፍሬንንና ኩርባ ላይ የመታጠፍ ችሎታን ይወስዳል። ከሁለተኛው ደግሞ የንፋስ መከለያን፣ የጎን ሳጥኖችን፣ ሰፊ የነዳጅ ታንክንና ለሁለት ሰው የሚበቃ መቀመጫን ይጋራል። አብዛኞቹ ከ220 እስከ 300 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ የሞተራቸውም መጠን በብዛት ከ750 እስከ 1,650 ሲሲ ነው።

የዚህ ዓይነት ሞተር ብስክሌት ብቃት የሚለካው በከፍተኛ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ነጂው ሙሉ ቀን ከተጓዘ በኋላ የመጨረሻዎቹን ኩርባዎች እንደ መጀመሪያዎቹ በንቃት መንዳት ይችል እንደሆነ ነው ዋናው ጥያቄ። የንድፉ ታሪክም በአብዛኛው ድካምን የመቀነስ ታሪክ ነው።

(በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የረጅም ርቀት ጉዞ አጀማመር

በሞተር ብስክሌት ረጅም መንገድ መጓዝ የተጀመረው ለጉዞ ተብሎ የተሠራ ሞተር ብስክሌት ከመኖሩ በፊት ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ዋይማን በ1903 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ በ50 ቀናት ገደማ ኒው ዮርክ ገባ፤ በሞተር ኃይል በሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ብዙ ቦታ ደህና መንገድ ስላልነበረ የተጓዘው በባቡር ሐዲድ ላይ ነበር። ካርል ስተርንስ ክላንሲ በ1912 እና 1913 በሄንደርሰን ሞተር ብስክሌት ዓለምን ዞረ። በ1916 ደግሞ አውጉስታና አዴሊን ቫን ቡረን የተባሉ እኅትማማቾች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኢንዲያን ሞተር ብስክሌት እየነዱ ከኒው ዮርክ ካሊፎርኒያ ደረሱ። በመንገዳቸው ላይ የወንድ ልብስ ለብሳችኋል ተብለው ፖሊስ ይዟቸው ነበር።

በዚያ ዘመን የብዙዎቹ የኋላ ጎማ ከአካሉ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለነበር የመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ የነጂውን ጀርባ ይመታ ነበር። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ጉዚ በ1928 ከማንዴሎ ዴል ላሪዮ ተነሥቶ እስከ ኖርዌይ የአርክቲክ ክልል የተጓዘው ይህን የሚያስቀር የኋላ ሞላ ያለውን የሞቶ ጉዚ ሞተር ብስክሌት ለመፈተን ነበር። ኩባንያው በ2006 ያወጣውን የስፖርት ቱሪንግ ሞዴል ለዚያ ጉዞ መታሰቢያ «ኖርጌ» ብሎ ሰይሞታል።

የዘመናዊው ዓይነት ልደትና እድገት

እስከ 1970ዎቹ ድረስ ረጅም ርቀት የሚሄድ ሰው ተራ ሞተር ብስክሌት ገዝቶ መከለያና ሻንጣ ለብቻ ይገጥም ነበር። የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብሊው በ1976 ያቀረበው አር 100 አርኤስ ይህን ልማድ ለወጠው። 980 ሲሲ መጠንና 70 የፈረስ ጉልበት ያለው ይህ ሞዴል ከፋብሪካ የወጣው ሙሉ የንፋስ መከለያ ተገጥሞለት ነው። መከለያውን የነደፈው ሃንስ ሙት ሲሆን፣ ቅርጹ የተፈተነው ጣሊያን ውስጥ በሚገኘው የፒኒንፋሪና የንፋስ መሞከሪያ ዋሻ ውስጥ ነበር። ነጂው ወደፊት በጥቂቱ ብቻ ዘንበል ብሎ፣ ደረቱ ላይ የሚያርፍ የንፋስ ጫና ሳይኖር በጀርመን አውቶባን ለሰዓታት መጓዝ ቻለ። ብዙ ጸሐፊዎች የስፖርት ቱሪንግን ታሪክ ከዚህ ሞዴል ይጀምራሉ።

በ1983 የተከተለው ኬ 100 አርኤስ ባለአራት ሲሊንደር፣ በውኃ የሚቀዘቅዝና በኢንጀክሽን ነዳጅ የሚረጭ ሞተር ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ የጃፓን ኩባንያዎች ሜዳውን ተቀላቀሉ። ያማሃ በ1984 ኤፍጄ 1100ን፣ ካዋሳኪ በ1986 ጂቲአር 1000ን አቀረቡ። በሰሜን አሜሪካ ኮንኮርስ በሚል ስም የተሸጠው ጂቲአር 1000 ሞተሩን የወሰደው ከፈጣን የስፖርት ሞዴሎች ሲሆን፣ የነዳጅ ታንኩ 28.5 ሊትር ይይዝ ነበር። ሆንዳ በ1986 ቪኤፍአር 750ን አወጣ፤ ባለ«ቪ» ቅርጽ አራት ሲሊንደር ሞተሩና አስተማማኝነቱ ለረጅም ዘመን የቀላል ስፖርት ቱሪንግ መለኪያ አድርገውት ቆይተዋል። በ1990 ደግሞ ይኸው ኩባንያ ፓን ዩሮፒያን የተባለውን ኤስቲ 1100ን ለአውሮፓ ገበያ አቀረበ። የበርካታ አውሮፓ አገሮች ፖሊስም ለመንገድ ጥበቃ ተጠቅሞበታል።

ቢ.ኤም.ደብሊው በ1993 በአር 1100 አርኤስ ሲሊንደሮቹ በተቃራኒ ጎን የተጋደሙበትን የቦክሰር ሞተሩን አዲስ ሕይወት ሰጠው። ያማሃ በ2001 ኤፍጄአር 1300ን፣ ካዋሳኪ በ2007 1,352 ሲሲ የሆነውን 1400 ጂቲአርን አወጡ። የሆንዳው ቪኤፍአር 1200 ኤፍ በ2010 ነጂው ፍሪሲዮን ሳይጫን ማርሽ የሚቀይር፣ ድርብ ፍሪሲዮን ያለው የማርሽ ሥርዓት በአማራጭነት ይዞ ቀረበ። በ2011 ለገበያ የቀረበው የቢ.ኤም.ደብሊው ኬ 1600 ጂቲ ስድስት ሲሊንደር ያለው 1,649 ሲሲ ሞተር ሲኖረው 160 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። የካዋሳኪ ኤች 2 ኤስኤክስ በ2018 ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በሱፐርቻርጀር እየጨመቀ ኃይልን ከጉዞ ምቾት ጋር አጣመረ።

አሠራር

ንፋስና መከለያ። የአየር ግፊት በፍጥነት ካሬ ያድጋል። ከ100 ወደ 130 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጨመር ግፊቱ በ69 በመቶ ከፍ ይላል፤ እርሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ከእጥፍ ይበልጣል። መከለያ የሌለው ነጂ ይህን ሁሉ በክንዱና በአንገቱ ይሸከማል። ሆኖም ትልቅ መከለያ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። በመስታወቱ ጫፍ የሚታጠፈው አየር ሄልሜት ላይ ካረፈ ጭንቅላትን ያንቀጠቅጣል፤ ጩኸቱም ይጨምራል። ስለዚህ ብዙዎቹ ሞዴሎች ከፍና ዝቅ የሚል የፊት መስታወት አላቸው፤ እንደ ኤፍጄአር 1300 ባሉት ላይ ይህ በኤሌክትሪክ ይሠራል።

አቀማመጥ። በስፖርት ሞተር ብስክሌት ላይ መሪው ዝቅ፣ የእግር መርገጫው ከፍ ብሎ ወደኋላ ስለሚሸሽ የሰውነት ክብደት አንጓ ላይ ያርፋል፤ ጉልበትም በጣም ይታጠፋል። በስፖርት ቱሪንግ መሪው ከፍ፣ መርገጫው ዝቅ ይላል። ሙሉ በሙሉ ቀጥ ብሎ መቀመጥም አይፈለግም፤ የመንገዱ ምት በሙሉ በአከርካሪ ላይ እንዳያርፍ ጥቂት ወደፊት ማዘንበል ይረዳል።

ኃይል ማስተላለፊያ። ከማርሽ ሳጥን ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚደርሰው በካቴና ወይም በማዞሪያ ዘንግ ነው። ካቴና ቀላልና ርካሽ ቢሆንም በየጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሩ መቀባትና አልፎ አልፎ መወጠር ይፈልጋል። ዘንግ ክብደትና ዋጋ ይጨምራል፤ ግን በሺዎች ለሚቆጠር ኪሎ ሜትር የዘይት ለውጥ ካልሆነ በቀር እጅ አይነካውም። በዝናብና በአቧራ ለሳምንታት ለሚጓዝ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ትልልቆቹ ሞዴሎች በዘንግ፣ ቀለል ያሉት በካቴና የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ጎማ። በሀይዌይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የኋላ ጎማ መሐል ለመሐል ይበላና ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ኩርባ ላይ ግን የሚሠራው የጎማው ጎን ነው። ጎማ ሠሪዎች ችግሩን የፈቱት መሐሉን ጠንከር ካለ፣ ጎኖቹን ለስለስ ካለ ጎማ በማዋሐድ ነው። የተለመደው ልክ ከፊት 120/70፣ ከኋላ 180/55 ሲሆን ሁለቱም ባለ17 ኢንች ቸርኬ ላይ ይገጠማሉ።

ፍሬንና ኤሌክትሮኒክስ። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤ.ቢ.ኤስ. በብዛት በሚመረት ሞተር ብስክሌት ላይ መቅረብ የጀመረው በ1988 በቢ.ኤም.ደብሊው ኬ 100 ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2016 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ግዴታ አድርጎታል። ዛሬ ክሩዝ ኮንትሮል፣ የሚሞቅ የመሪ እጀታና የጎማ ንፋስ መለኪያ የተለመዱ ሆነዋል። አንዳንዶቹ ከፊት ካለው ተሽከርካሪ ርቀታቸውን በራዳር ይጠብቃሉ።

የረጅም ርቀት አነዳድ

ልምድ ያላቸው ነጂዎች ርቀት የሚሸፍኑት በፍጥነት ሳይሆን ባለመቋረጥ ነው። መቀመጫውን አሜሪካ ያደረገው የአይረን ባት ማኅበር የሚሰጠው መነሻ ማዕረግ፣ ሳድልሶር 1000፣ በ24 ሰዓት 1,000 ማይል ወይም 1,609 ኪሎ ሜትር መጓዝን ይጠይቃል። ይህ አማካይ 67 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብቻ ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚነዳ ሰው በ16 ሰዓት ይጨርሰዋል፤ የቀሩት 8 ሰዓታት ለነዳጅ፣ ለምግብና ለእንቅልፍ ይሆናሉ። ተሳታፊው ጉዞውን የሚያረጋግጠው ቀን፣ ሰዓትና ቦታ በሚያሳዩ የነዳጅ ደረሰኞች ነው። በ1984 ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው አይረን ባት ራሊ ደግሞ 11 ቀናት የሚፈጅ ሲሆን፣ ነጂዎች በየአቅጣጫው የተበተኑ ቦታዎችን እየጎበኙ ነጥብ ይሰበስባሉ።

የነዳጅ ስሌት የቀኑን እቅድ ይወስናል። 25 ሊትር የሚይዝና በመቶ ኪሎ ሜትር 6 ሊትር የሚወስድ ሞተር ብስክሌት ከ400 ኪሎ ሜትር ጥቂት በላይ ይሄዳል። ቢሆንም ጥንቁቅ ነጂ ከ300 ብዙ ሳያልፍ ይቀዳል፤ ፍጥነትና የፊት ለፊት ንፋስ ፍጆታውን ከፍ ያደርጉታልና።

ጭነት ሲጫን ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ወደ መሐል መቅረብ አለበት፤ ከኋላ ጫፍ ከፍ ብሎ የታሰረ ክብደት የፊት ጎማን ያቀልላል፣ በፍጥነት ላይም መሪውን ያወዛውዛል። ሁለተኛ ሰው ሲጨመር የጎማ ንፋስና የሞላ ውጥረት እንደ ጭነቱ ይስተካከላሉ።

ለሰውነት ሦስት ነገሮች ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው ጩኸት ነው፤ በሀይዌይ ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ የሚሰማው የንፋስ ድምፅ ከ90 ዴሲቤል ስለሚያልፍ ብዙዎች የጆሮ መድፈኛ ይጠቀማሉ። ሁለተኛው ውኃ ነው። ንፋስ ላብን ወዲያው ስለሚያደርቅ ነጂው መጠማቱን ሳያውቅ ፈሳሽ ያጣል። አየሩ ከሰውነት ሙቀት በላይ በሚሆንበት በረሃ ጃኬት መክፈት ያሞቃል እንጂ አያቀዘቅዝም። ሦስተኛው እንቅልፍ ነው፤ ለእርሱ ከመቆምና ከመተኛት ሌላ መድኃኒት የለውም።

በቡድን የሚጓዙ ሰዎች በአንድ መሥመር አይከታተሉም። መሪው በመሥመሩ ግራ፣ ቀጣዩ በቀኝ፣ ሦስተኛው እንደገና በግራ እየሆኑ ይሄዳሉ። ኩርባ ላይ ግን እያንዳንዱ ሙሉ ስፋት ስለሚያስፈልገው ሰልፉ ነጠላ ይሆናል።

ታዋቂ መንገዶች

የስፖርት ቱሪንግ አገር የአልፕስ ተራሮች ናቸው ሊባል ይችላል። በጣሊያን የሚገኘው የስቴልቪዮ ማለፊያ 2,757 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ከሰሜን ምሥራቅ በኩል 48 ሹል ኩርባዎች አሉት። መንገዱን በ1820 እና 1825 መካከል ያሠራው መሐንዲስ ካርሎ ዶኔጋኒ ነው። በ1935 የተከፈተው የኦስትሪያው ግሮስግሎክነር መንገድ 48 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ክፍያ ይጠየቅበታል፤ በክረምት በበረዶ ይዘጋል። በሩማኒያ የካርፓቲያን ተራሮችን የሚያቋርጠው ትራንስፋጋራሻን ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል።

በአሜሪካ 755 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ የጭነት መኪና ስለማይገባበትና የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ለእርጋታ ጉዞ ይመረጣል። በቴኔሲና በሰሜን ካሮላይና ወሰን አጠገብ ያለው «የዘንዶው ጭራ» ደግሞ በ18 ኪሎ ሜትር ውስጥ 318 ኩርባዎች ይቆጠሩበታል።

ኢትዮጵያ በረጅሙ መስመር

ከካይሮ ወደ ኬፕታውን የሚወስደው የአፍሪካ አቋራጭ መንገድ ከሱዳን በመተማ ገብቶ በጎንደርና በአዲስ አበባ አልፎ በሞያሌ ወደ ኬንያ ይሻገራል። እንግሊዛዊው ቴድ ሳይመን በ1973 በጀመረው አራት ዓመት የፈጀ የዓለም ጉዞ፣ ተዋናዩ ዩዋን መግሪገርና ጓደኛው ቻርሊ ቦርማን ደግሞ በ2007 ኢትዮጵያን አቋርጠዋል። ሳይመን የነዳው 500 ሲሲ ትራየምፍ፣ እነ መግሪገር የነዱት ለአስቸጋሪ መንገድ ጭምር የሚሠራ ከፍ ያለ የአድቬንቸር ሞተር ብስክሌት እንጂ ስፖርት ቱሪንግ አልነበረም። በሳይመን ጊዜ ዓይነቱ ገና አልተወለደም፤ ለእነ መግሪገር ግን ምክንያቱ መንገዱ ነው፤ በሰሜን ኬንያ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው ፒስታ ለዝቅተኛ ሞተር ብስክሌት የማይመች ነበር። ያ መንገድ በ2010ዎቹ አስፋልት ከለበሰ በኋላ ጉዞው ለአስፋልት ሞተር ብስክሌቶችም ቀርቧል።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን የሚወርደውና የሚወጣው የዓባይ ሸለቆ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት በኩርባዎች ያሸነፈ ነው፤ ይሁንና የሚንሸራተተው መሬት አስፋልቱን ደጋግሞ ያበላሸዋል። ከፍታም በሞተር ላይ ይሠራል። በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ ባለካርቡራተር ሞተር ቤንዚን ይበዛበትና ጉልበት ያጣል። ኢንጀክሽን የቤንዚኑን መጠን ራሱ ያስተካክላል፤ ከአየሩ መሳሳት የሚመጣውን የጉልበት መቀነስ ግን አያስቀርም።

ወቅታዊ ሁኔታ

ከ2000ዎቹ ጀምሮ ገበያው ወደ አድቬንቸር ሞተር ብስክሌቶች አዘንብሏል። እንደ ቢ.ኤም.ደብሊው አር 1200 ጂኤስ ያሉት ከፍ ያለ መሪና ረጅም ሞላ ስላላቸው በተበላሸ አስፋልት ላይ ይመቻሉ፤ በዕቃ አጫጫንና በርቀትም ከስፖርት ቱሪንግ አያንሱም። በዚህ ፉክክር ውስጥ ሆንዳ ፓን ዩሮፒያንን፣ ካዋሳኪም 1400 ጂቲአርን ማምረት አቁመዋል፤ የያማሃ ኤፍጄአር 1300ም በ2020ዎቹ መጀመሪያ ከአውሮፓ ገበያ ወጥቷል።

ዓይነቱ ግን አልጠፋም፤ ቅርጹን ለወጠ እንጂ። የያማሃ ትሬሰር 9 ጂቲና የቢ.ኤም.ደብሊው ኤስ 1000 ኤክስአር የአድቬንቸርን ቀጥ ያለ አቀማመጥ ከ17 ኢንች የአስፋልት ጎማ ጋር አጣምረዋል። የሱዙኪ ጂኤስኤክስ ኤስ 1000 ጂቲ ደግሞ ወደ ቀድሞው ዝቅ ያለ ቅርጽ ይመለሳል። ለገዢው የቀረው ምርጫ በመንገዱ የሚወሰን ነው፦ ፒስታ የሚገባበት ከሆነ አድቬንቸር፣ ጉዞው ከመነሻ እስከ መድረሻ አስፋልት ከሆነ ግን ዝቅ ብሎ ከንፋስ የሚከልለው ስፖርት ቱሪንግ አሁንም ይመረጣል።