አምስቱ ቅጾችና ያልተዘጋው ክርክር

ባደግሁበት በጉለሌ «ፈላስፋ» መባል ምስጋና አልነበረም። ቀላሉን ነገር የሚያወሳስብ፣ መልስ በተሰጠው ጥያቄ ላይ ሌላ ጥያቄ የሚደርብ ልጅ «አንተ ደግሞ አትፈላሰፍብን!» ይባልና ዝም ይላል። እንዲህ ብሎ የሚገስጸው ሰው ግን የአገር ታላቅነት የተነሳ ዕለት «እኛ እኮ ከአውሮፓ እኩል ፈላስፋ ነበረን፤ ዘርዓ ያዕቆብን የመሰለ!» ብሎ ይኩራራል። ለመሆኑ ዘርዓ ያዕቆብ ምን አለ? ተብሎ ቢጠየቅ ብዙዎቻችን ከስሙ አናልፍም።

ይህ ስም የዓለም ፍልስፍና መድረክ ላይ እንዲወጣ ብዙ የደከሙት ሰው የሠሩት ከሰፈራችን ሩቅ አልነበረም። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወርዶ ስድስት ኪሎ ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክላውድ ሰምነር ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። በ1953 አዲስ አበባ መጥተው ያኔ ገና የሦስት ዓመት ዕድሜ በነበረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፍልስፍና ማስተማር ጀመሩ። እንደ ብዙ የውጭ መምህራን የአፍላጦንንና የአርስጣጣሊስን ትምህርት አስተምረው፣ ደመወዛቸውን ተቀብለው መሄድ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግዕዝ መጻሕፍት አዞሩ።

የድካማቸው ፍሬ «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» የተሰኘው ባለ አምስት ቅጽ የእንግሊዝኛ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ በ1974 ወጣ፤ የሚመለከተውም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰውን «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው (1976 እና 1978) የዘርዓ ያዕቆብንና የደቀ መዝሙሩን የወልደ ሕይወትን ሐተታዎች ይዘዋል። አራተኛው (1981) ስለ ዝምተኛው ፈላስፋ ስለ ስክንድስ፣ አምስተኛው (1982) ስለ እንስሳትና ዕፀዋት ምሳሌያዊ ትርጉም ስለሚያወሳው ስለ «ፊሳልጎስ» ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ዓመቶቹን ልብ በልልኝ። አንደኛው ቅጽ የወጣው ዘውዱ በወደቀበት ዓመት ነው። ሁለተኛው ተማሪና መምህር በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ከተበተነ በኋላ፣ ሦስተኛው ደግሞ አዲስ አበባ በቀይ ሽብር ልጆቿን እየቀበረች ሳለ ታተሙ። ማርክሲዝም ሌኒኒዝም የመንግሥት እምነት በሆነበትና ሌላ ሐሳብ አንገት በሚያስቆርጥበት ጊዜ፣ እኚህ መነኩሴ የአሮጌ ብራና ቃላት ይቆጥሩ ነበር። ይህ ከዘመኑ ጣጣ መሸሽ ነበር የሚል ይኖር ይሆናል። ለእኔ ግን ሥራው ከዚያው ዘመን የወጣ ነው፤ የሁለተኛውና የሦስተኛው ቅጽ ባለታሪክ ራሱ ሐሳብ በሚያስገድልበት ዘመን የኖረ ሰው ነውና።

በሐተታው እንደተተረከው ዘርዓ ያዕቆብ በ1599 ከአክሱም አጠገብ ከድኻ ገበሬ ተወለደ። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው አገር በተተራመሰ ጊዜ ጠላት ከሰሰውና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ። በተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ኖረ። በዚያም «ሁሉም የእኔ ሃይማኖት እውነት ነው ይላል፤ ታዲያ ዳኛው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ አብሰለሰለ። የደረሰበት መልስ፣ እግዚአብሔር ለሁሉም ሰው የልቡና ብርሃን ሰጥቷል፣ ሰው በዚያ ይመርምር የሚል ነው። ሰዎች ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ ሰውን እንደ ከብት መሸጥ በደል መሆኑን፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል መሆናቸውን ጻፈ። ሰምነር ይህን አንብበው፣ በራስ ልቡና የመመርመር ዘመናዊ ፍልስፍና በኢትዮጵያም ከእነ ዴካርት ጋር በአንድ ዘመን ጀምሯል አሉ።

ታዲያ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። ሐተታውን በ1852 አገኘሁት ያለው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣልያናዊ ካፑቺን ሚስዮናዊ ነው፤ ጽሑፉንም ፓሪስ ለነበረው የብራና ሰብሳቢ ለአንትዋን ዳባዲ ላከለት። ከዚህ ሰው እጅ ያላለፈ ሌላ ጥንታዊ ቅጂ አልተገኘም። የሚስዮናዊው የልጅነት ስም ያኮፖ፣ ማለትም ያዕቆብ መሆኑም ጥርጣሬውን አባሰው። በ1920 ታዋቂው ጣልያናዊ የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ «ጽሑፉ የራሱ የሚስዮናዊው ነው» ሲል ደመደመ፤ ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮክም በ1934 ደገፈው።

ሰምነር ክርክሩን በቁጣ አልመለሱም። «ኢትዮጵያን ንቀው ነው» ብሎ መጮኽ ቀላል ነበር። እርሳቸው ግን የከሳሾቹን ማስረጃ አንድ በአንድ ዘረዘሩ። የሁለቱን ሐተታዎች አጻጻፍ አነጻጸሩ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶችን ቆጠሩ፤ መምህሩና ደቀ መዝሙሩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ለማሳየት ጣሩ። እንደ ዓለማየሁ ሞገስ ያሉ የግዕዝ ሊቃውንትም ለሐተታው ኢትዮጵያዊነት ተሟግተዋል። ይሁንና በ2013 ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ቪዮን የኮንቲ ሮሲኒን ክስ በአዲስ ማስረጃ አነሳችው። ቀድሞ ይጠራጠሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ በ2017 ሐሳባቸውን ለውጠው፣ መሠረቱ የኢትዮጵያዊ ነው፣ የሌላ እጅ ግን ገብቶበታል ወደሚለው አዘነበሉ። በ2022 ጉዳዩ ኦክስፎርድ ላይ ጉባኤ አስጠርቷል።

እንግዲህ ሐተታው የእኛ ባይሆንስ? ይህን ጥያቄ የሚፈራ ሰው የስድስት ኪሎውን ሥራ አላነበበም ማለት ነው። ከአምስቱ ቅጾች ሦስቱ የትርጉም መጻሕፍትን የያዙ ናቸው፤ ሰምነርም በእነርሱ ያዩት ትልቅ ነገር፣ ኢትዮጵያዊው ተርጓሚ ቃል በቃል አይገለብጥም፣ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ከራሱ ሕይወት ጋር ያስማማል የሚል ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው ሐሳብ በግዕዝ ሲነገር ሌላ መልክ ይይዛል። ይህ ግኝት በሐተታው ደራሲ ማንነት ላይ የቆመ አይደለም።

ሥራውም በብራና ብቻ አልቀረም። ሰምነር ራሳቸው በ1990ዎቹ የኦሮሞን ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና ተረት በሦስት ቅጽ አወጡ። ከዚያው የትምህርት ክፍል ወርቅነህ ቀልቤሳ ኦሮሞ ገበሬ ለመሬትና ለዛፍ ያለውን ግብረገብ ፈትሸው በ2011 በመጽሐፍ አሳተሙ። በዚያው ያስተማሩት መሳይ ከበደ በ1999 ስለ ኢትዮጵያ ህልውናና ዘመናዊነት የፍልስፍና መጽሐፍ አቀረቡ።

የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። ሐተታው ራሱ ወደ አማርኛ ተመልሷል፤ በሐተታው ላይ የተካሄደው ምርመራ ግን አብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ በጣልያንኛና በፈረንሳይኛ ነው። የእኛ አንባቢ የሚደርሰው ኩራቱ ብቻ ነው፤ ክርክሩ አይደርሰውም። «ሐተተ» በግዕዝ መረመረ ማለት ነው። መርምሩ ያለን መጽሐፍ ሳንመረምር የምንፎክርበት ከሆነ፣ ደራሲው የእንፍራዙ ሊቅም ይሁን የኡርቢኖው መነኩሴ ትምህርቱ ባክኗል። ሰምነር በ2012 በትውልድ አገራቸው በካናዳ ዐረፉ። መታሰቢያ ይደረግላቸው ከተባለ ከሐውልት ይልቅ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ይሻላቸዋል፤ የሐተታው ቃል፣ የከሳሾቹ ማስረጃና የተከራካሪዎቹ መልስ አንድ ላይ የታተሙበት፣ ፍርዱም ለአንባቢው የተተወበት።